የእትዬ የሺመቤት ልጅ መጣ

አንድ ቀን እትዬ የሺመቤት የተከራያቸውን የጥጋቡን በር አንኳኩና፣ «ልጄ ከካናዳ ሊመጣልኝ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቅልኝ» አሉት። ጥጋቡ ልብስ ሰፊ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የደሴ ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። በዚያ ላይ ሚስቱ ዝናሽ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቢቀራት ነው። ቢጨንቀውም ክፉ አልተናገረም። ልጅ ለእናቱ መጣ ቢባል ማን ይከፋዋል? «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ቤት ፍለጋ ጭቃውን ሲያቦካ ሰነበተ። አንዱ አከራይ የዝናሽን ሆድ አይቶ በሩን ዘጋ፤ ሌላው «የስፌት መኪና ይጮኻል» አለ።

በሳምንቱ እትዬ የሺመቤት አንድ ከዘራ የያዙ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አዛውንት አስከትለው ከች አሉ። አዛውንቱ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉ።

«ያፈሳል እንዴ?»

«ኧረ ጠብ አይልም!» አሉ እትዬ።

ጥጋቡ ነገሩ ገባው። ደሙ ፈላ፤ ግን ንዴት ቤት አያስገኝም። መቀሱን አስቀምጦ ተነሳና አዛውንቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ ወንድሜ! ዝናሽ፣ ነይ እልል በይ፤ የእትዬ ልጅ ከካናዳ መጣ!»

ዝናሽም ሆዷን ደግፋ ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ።

«አንተ፣ ምን ነካህ?» አሉ እትዬ ፊታቸው ደም መስሎ። «እኔ ነኝ እሳቸውን የወለድኩ? ታላቄ ናቸው እኮ!»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ የሰው አገር ኑሮ ያስረጃል ሲሉ እሰማለሁ።»

«ልጄ አይደሉም አልኩህ!»

ጥጋቡ አዛውንቱን ለቀቀና የኮታቸውን ኮሌታ አቃናላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ቤቱ ለልጃቸው የተያዘ ነው። እትዬ፣ እርስዎም አይሳሳቱ፤ ለሌላ ሰው ሰጥተውት ልጅዎ ቢመጣ የት ሊያርፍ ነው? ግድ የለም፣ እሱ እስኪመጣ እኔ ቤቱን እጠብቅልዎታለሁ።»

አዛውንቱ አንዴ ጥጋቡን፣ አንዴ እትዬን አዩና፣ «እኔንስ በስንተኛው ልጅ ሊያስወጡኝ ኖሯል?» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ይኸው የዝናሽ ልጅ ዳዴውን ጨርሶ ግቢውን በሩጫ ያምሰዋል፤ የእትዬ የሺመቤት ልጅ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።