ሰዓት ጠጋኙና የኮረብታው ዓርማ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሰዓት መጠገን ነው። በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ውስጥ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ቀን ቀን የሰው ሰዓት ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የጦርነት ዘመን ዓርማና ሜዳልያ ይሰበስብ ነበር። ወታደር በደረቱ ያንጠለጠለውን፣ በቆቡ ላይ የሰካውን፣ በትከሻው ያደረገውን ሁሉ አሳድዶ ይፈልጋል። ያገኘውን በጥጥ ጠቅልሎ በመሳቢያ ያስቀምጣል፤ ሰው ሲመጣበት ያወጣና የእያንዳንዱን ታሪክ ይተርካል።

መጀመሪያ ላይ የሚሰበስበው ደስ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ግን መታለሉን አወቀ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ዓርማ ለአንድ ጡረተኛ መኮንን ደረቱን ነፍቶ አሳየው። መኮንኑ በመዳፉ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና፣

«ወንድሜ፣ ይህ እኮ አምና የተሠራ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሱቁ ውስጥ ሰዓታቸውን የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እነሱም ሳቁ። ያ ሳቅ ከሰውየው ጆሮ አልወጣ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣ። አስመስሎ የተሠራውን ከእውነተኛው መለየት እማራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ተማረም። እውነተኛው ዓርማ በማተሚያ ተመትቶ የተሠራ ስለሆነ ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ጠርዙም የሾለ እንደሆነ አወቀ። አስመስሎ የተሠራው ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነውና በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ላዩ እርሾ እንደ በዛበት ሊጥ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። የቀለጠ ብረት ሲበርድ ስለሚኮማተርም ከእውነተኛው የፀጉር ያህል ያንሳል። አታላዮች አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል በጨውና በእርጥብ አፈር እንደሚቀብሩት፣ አሲድም እንደሚያስነኩት ደረሰበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ዕድሜ ብረትን የሚበላው ልብስና ጣት በሚነካው በኩል ብቻ ነው። አታላይ ሲያሳረጀው ግን ሁሉንም ቦታ እኩል ያሳረጀዋል።

ዓይኑ ስለት ሆነ። ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰዎች ዓርማ እየያዙ ይመጡበት ጀመር። እሱም መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ያያል፣ በትንሿ ሚዛን ይመዝናል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ተሳስቶም አያውቅም።

ዕረፍቱ ግን አልተመለሰም። እንዲያውም ባሰበት። የራሱን መሳቢያ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እያወጣ እንደ አዲስ ይመረምራል። አምሳ ጊዜ ያየውን ዓርማ አምሳ አንደኛ ጊዜ ያየዋል። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ የሙሽራዋን ቀለበት ሲመረምር ይገኛል። እውነተኛ ዕቃ ሲያገኝ «ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን?» እያለ ይብከነከናል። ሐሰተኛ ሲያገኝ ግን ደረቱ ቀለል ይለዋል፤ ያን ቀን ምግብ ይበላል፣ ከሚስቱም ጋር ይጫወታል። ለካ እውነቱን መያዝ ሳይሆን ሐሰቱን መያዝ ነበር የሚያስደስተው፤ እሱ ግን ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

በዚያች ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነበረ። ማኅበሩ የመታሰቢያ ግንብ ለማቆም ተነሣ። በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ አካባቢ የዘመተ አንድ ሻምበል ጦር ነበር። ኮረብታ ላይ ተከቦ፣ ውኃ እያጣ፣ ዘጠኝ ቀን አላስደፍር ብሎ ቆይቷል። ከመቶ ሃያው ሰው በእግሩ የወረደው ሠላሳ ብቻ ነው። ለነዚያ ሠላሳ ሰዎች ኮረብታና ሁለት የተጣመረ ጠመንጃ የተቀረጸበት ዓርማ ተሰጣቸው። ዘመን ሲለወጥ የስም መዝገቡ ተቃጠለ፤ ከሰዎቹም ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ በየአገሩ ተበተነ። ዓርማው ብርቅ በመሆኑ ደግሞ ገበያው አስመስሎ በተሠራ ተሞላ። ስለዚህ ማኅበሩ፣ «የአባቱን ዓርማ ያመጣ ሁሉ የአባቱ ስም ግንቡ ላይ ይቀረጽለታል፤ ዓርማውን ግን ሰዓት ጠጋኙ ይመርምር» ብሎ ወሰነ።

በምርመራው ቀን አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ተቀመጠ። ስምንት ሰዎች ሐሰተኛ ዓርማ ይዘው መጥተው አፍረው ተመለሱ። በእውነትም ሐሰተኞች ነበሩ፤ አንደኛው ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ የገዛውን ነው ያመጣው። በእያንዳንዱ ፍርድ ሰው ያጨበጭባል፤ ሰዓት ጠጋኙም ሰውነቱ እየሞቀ ሄደ።

ዘጠነኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ነበረች፤ የአሥር አለቃ ደገፋው ልጅ። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እያነከሰ የሚሄድ፣ ነገር የማያበዛ፣ በአጥር ግቢው ጌሾ የሚተክል ሰው እንደነበር ከተማው ያውቀዋል። ወይዘሮ ትርንጎ መቀነቷን ፈትታ ዓርማውን አወጣችና ጨርቁ ላይ አኖረችው።

«ይህ የአባቴ ነው። አባቴ ይህንን...» ብላ ስትጀምር ሰዓት ጠጋኙ እጁን ብድግ አደረገ።

«ይቆዩ እመቤቴ፤ ብረቱ ራሱ ይናገራል» አላት።

ሰዉ ሳቅ አለ። እሱም መነጽሩን ሰካ። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፊደሉ የደበዘዘ ነው፤ ሚዛን ላይም ጎደለ። ቀና ብሎ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣

«ተመትቶ የተሠራ አይደለም፤ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ሐሰተኛ ነው!» ብሎ ፈረደ።

ወይዘሮ ትርንጎ አፏን ከፈት አደረገች። አዳራሹ እየተንጫጫ ነበር፤ ቀጣዩም ሰው በትከሻዋ በኩል ዓርማውን ዘርግቷል። አፏን መልሳ ገጠመች። ዓርማውን አንሥታ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ስለ አሥር አለቃ ደገፋው ሌላ ወሬ ያዘ። «እግሩን እኮ በቅሎ ረግጣው ነው» ተባለ። «ድሮም ስለ ጦርነቱ አያወራም ነበር፤ ምን አይቶ ያውራ?» ተባለ። ሴትዮዋ ከዕድር ቀረች። ገበያ ስትወጣም በጓሮ መንገድ ነው።

ሰዓት ጠጋኙ ግን ያን ቀን እንደ ወትሮው ቀለል አላለውም። አንድ ነገር ይበላው ጀመር። የዚያ ዓርማ አንደኛው ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ነበር፤ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል። ስፒሉም ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ተበይዷል። ይህ በአሲድ የመጣ እርጅና አይደለም፤ በእጅ የመጣ ነው። ዓርማው ሐሰተኛ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ሲታሸት ኖሯል። አታላይ እንደሆነ ሠርቶ ይሸጣል እንጂ ሠላሳ ዓመት ይዞ አያሻሽም።

ሰዓት ይፈታና ሳይገጥም ይተወዋል። ከሱቁ ይወጣና መንገዱ መሐል ቆሞ ይመለሳል። ሚስቱ ታዝባ ታዝባ፣

«ምን ነካህ? የተቀመጥክበት ይቆረቁርሃል እንዴ?» አለችው።

ነገራት።

«ታዲያ ሄደህ አትጠይቃትም?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? በሰው ሁሉ ፊት ፈርጃለሁ።»

«እኮ ፈርደሃል። አሁን ጠይቃት።»

አልሄደም። የሴትዮዋ ቤት ከሱቁ አሥር ደቂቃ አያስኬድም፤ እሱ ግን አውቶብስ ተሳፍሮ ሦስት ከተማ ዞረ። አንጥረኛ ያለበትን ሁሉ እየጠየቀ «ይህን የመሰለ ዓርማ ሠርተህ ታውቃለህ?» ሲል ከረመ። ማንም የሚያውቅ አልተገኘም። ባዶ እጁን እየተመለሰ መሳቢያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ግንቡ ተሠርቶ አለቀ። በምረቃው ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። መጋረጃው ሲነሣ ሰዉ የአባቱን ስም እየነካ ያለቅስ ጀመር። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በክራንች እየተደገፈ ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። የምረቃውን ወሬ በሬዲዮ ሰምቶ ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው። ግንቡ ሥር ቆመና ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ደገፋው የታለ?» አለ።

ወደ ሰዉ ዞረ።

«አሥር አለቃ ደገፋው! ከዚያ ኮረብታ አዝሎኝ የወረደው! ጉልበቱን በጥይት ተመትቶ ሳለ እኔን አላስቀምጥም ያለው! ስሙ የታለ?»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ የእሱ ዓርማ ሐሰተኛ ሆኖ ስለተገኘ ነው» አለው።

ሽማግሌው ኮቱን ገለጠ። በሸሚዙ ላይ ዓርማው ተሰክቷል።

«እውነተኛው ይኸው! እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሞቷል ተብዬ ከዝርዝር ተሰርዤ ነበር። ሠላሳው ሲሸለሙ ለእኔ የሰጠኝ የለም። ደገፋው የራሱን ከደረቱ ነቅሎ መጣና ትራሴ ላይ ሰካልኝ። አልቀበልም ስለው ተቆጣኝ።»

ሰዓት ጠጋኙ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። መነጽር አላስፈለገውም። የጠርዙን ስለት ከቆመበት አየው።

ምረቃው ሳያልቅ ወጣና ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ሄደ። ከደጇ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ወጥታ አየችው፤ ድንጋዩን ያውርዱ አላለችውም።

«ሐሰተኛ መሆኑን አውቅ ነበር» አለችው። «አባቴ ራሱ ነግሮኛል። እናቱ የት ጣልከው ብላ እንዳታዝን እዚያው ሆስፒታሉ ካለበት ከተማ አንጥረኛ ፈልጎ፣ ከእውነተኛው ላይ ቅርጹን አስወስዶ አሠራው። ሲተክዝ እሱን ነበር የሚያሸው። እኔ የመጣሁት ይህን ልነግርዎ ነው። እውነተኛው ያለበትን ሰው ስምና አገሩን አጽፌ በመቀነቴ ቋጥሬ ነበር። ዓርማውን ጠየቁ እንጂ እኔን አልጠየቁኝም።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ያን ዕለት ስመለስ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ብናገር ማን ይሰማኛል?»

ሰውየው ከድንጋዩ ሥር ይበልጥ ጎነበሰ። «ድንጋዩን ያውርዱት» አለች። «አባቴ ቢኖር ይቅር ይልዎ ነበር። እኔ ግን ገና ነኝ።»

በማግሥቱ ሰዓት ጠጋኙ መሣሪያውን ይዞ ወደ ግንቡ ሄደና የአሥር አለቃ ደገፋውን ስም በገዛ እጁ ቀረጸ። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለተጻፉ መሐል ላይ ቦታ አልተገኘም፤ ከሁሉ በታች ለብቻው ቀረጸው። ወይዘሮ ትርንጎ መጥታ አየች። ሰላም ሳትለው ሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሰላም አለችው ይባላል።

አየህ ልጄ፣ ያንተም ነገር እንደዚህ ሰው ነው። ትናንት መጥተህ፣ «አባባ፣ ብዙ ሰው ስላታለለኝ ማንንም ማመን አቃተኝ፤ ዕረፍት አጣሁ፤ እውነተኛውን ሰው በምን ልለየው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከዚያም የወንድምህን ነገር አጫወትከኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ታርቀን እንኑር ብሎ መጣ። የት ነበርክ ስትለው «ታምሜ ነበር» አለህ፤ አንተ ግን ሰው ልከህ አጣርተህ እስር ቤት እንደነበረ ደረስክበት። «ውሸታም!» ብለህም በሩን ዘጋህበት።

ቃሉ ውሸት ነው፤ ልክ ነህ። ሰዓት ጠጋኙም ልክ ነበር፤ ዓርማው በእርግጥ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ግን ወንድምህ እስሩን ለምን ደበቀህ? እንዳታፍርበት ይሆን? እናታችሁ ስትሞት ያልመጣበትን ምክንያት መናገር አቅቶት ይሆን? ወይስ ሊያታልልህ? እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም፤ አልጠየቅኸውማ። ዓይንህ ሐሰትን ለመያዝ ሠልጥኗል፤ እውነትን ለማግኘት ግን ጆሮህን አላዋስክም። ዕረፍት ያጣኸውም ሰው ሁሉ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ፍርዱን ሰጥተህ፣ ያልጠየቅኸው ጥያቄ ውስጥህ ስለቀረ ነው።

እውነተኛውን ሰው በምን ልለየው አልክ። መጀመሪያ አስጨርሰው። ሲጨርስ መርምረው፤ መነጽርህን ጣል አላልኩህም።

ወንድምህ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዟል፣ ዛሬም ወደ አገሩ ይመለሳል ብለኸኛል። የሱ አገር አውቶብስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? በስምንት? እንግዲያው እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ፤ ተነሥ እንጂ!