የጃሎ ዝምታ

በቴሌቪዥን ውሻ እየገራ አገር ያወቀው ማስተር ናሁሰናይ፣ ካሜራ አስከትሎ ወይዘሮ የሺመቤት ግቢ ገባ። ውሻቸው ጃሎ ሰሞኑን የነካውን ሰው ሁሉ መንከስ ጀምሮ ነበር። ዘበኛቸው "ጆሮውን ሳያመው አይቀርም፤ ሐኪም ይየው" ብሎ ቢለምንም ሰሚ አላገኘም።

ማስተር የጃሎን አንገት በገመድ አንቆ እየጎተተ ሲጮህበት፣ ውሻው መሬት ላይ ተለጥፎ ጸጥ አለ።

"አያችሁ? በአምስት ደቂቃ ጨዋ ሆነ!" አለ ማስተር ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረ። "አንተ! ውሻው ተምሯል ብለህ ለሕዝቡ መስክር። ደግሞ እንዳትንተባተብ!"

"ተናገር እንጂ፣ እንጀራህን ካልጠላህ!" አሉ ወይዘሮ የሺመቤትም።

ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ካሜራው ቀረበ።

"ዝም ማለቱንስ አይቻለሁ። እኔም እመቤቴ ሲቆጡኝ ዝም እላለሁ። በሆዴ የምለውን ቢሰሙ ግን እንዲህ ተጠግተውኝ አይቆሙም ነበር።"

ካሜራ የያዘው ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማስተር ጃሎን በጎን እያየ ቀስ ብሎ ወደኋላ አፈገፈገ። ወይዘሮ የሺመቤትም ከዘበኛው አንድ እርምጃ ራቅ አሉና፣ የእንስሳት ሐኪም ስልክ እንዳለው በትሕትና ጠየቁት።