ልምምድ አልገባም ያለው አምበል

አንድ ሰው ነበረ። ሰኞ ጠዋት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጓደኞቹ መለያቸውን ለብሰው በደጁ እየሮጡ ያልፋሉ። እሱ ግን አይነሳም። እግሩን አላመመውም፤ ጉልበትም አላጣም። አኩርፎ ነው!

እናንተ አኩርፋችሁ አታውቁም? ሳቁ፣ ሳቁ፤ ግድ የለም። የማወራው ስለ እናንተ አይደለም፤ ለጊዜው።

ሰውየው ኳስ ተጫዋች ነው። ዘካርያስ ሎምቤቦ ይባላል። ወደ ደቡብ ባለች አንዲት ከተማ የክለቡ አምበልና ተከላካይ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት። ለተከላካይ ሠላሳ ሁለት ምን ማለት እንደሆነ ኳስ የምትወዱ ታውቃላችሁ፤ የማትወዱ ደግሞ ደረጃ ስትወጡ ጉልበታችሁን ጠይቁት።

በዚያ ዓመት ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ከተማው በደስታ አበደ። የዘካርያስ ውል ግን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ አንድ ዓመት ይጨመርልኝ፤ ደግሞም ብጎዳ ክለቡ እንደሚያሳክመኝ ይጻፍልኝ። “ይህ ካልሆነ ልምምድ አልገባም” አለ።

የክለቡ ባለቤት አቶ ኤርጊቾ ይባላሉ። ከሹፌርነት ተነስተው በላባቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ባለቤት የሆኑ ሰው ናቸው። ክለቡን ያቋቋሙት እሳቸው፣ የሚያለብሱት እሳቸው። ጥያቄውን ሲሰሙ ቆጣ አሉ። “ፈርሞ የለም እንዴ? የፈረመውን ይጨርስ!”

እስቲ ፍረዱ፤ ጥፋተኛው ማነው? ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩም ይኸው ነው። አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ከዘካርያስ ቤት እስከ አቶ ኤርጊቾ ቢሮ ስንት ይርቃል? አሥር ደቂቃ! በእግር አሥር ደቂቃ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አንዱም አልሄደም። የዘካርያስ ሚስት ምሥራቅ “ሂድና ራስህ አናግራቸው” ብትለው “እሳቸው ይምጡ” አለ። የአቶ ኤርጊቾም ሚስት “ሄደው ያነጋግሩት” ቢሏቸው “እሱ ይምጣ” አሉ።

ታዲያ ማን ሄደ? የቡድኑ ወጌሻ፣ ዳርጌ። ዳርጌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱንም ይወዳል። ግን ጨው ያልገባበት ወሬ አይጥመውም። ጠዋት ቢሮ ገብቶ “ያለ እኔ ክለቡ ነፋስ የወጣለት ኳስ ነው ብሏል” ይላል። ከሰዓት በረንዳው ላይ ደርሶ “ያረጀ ጎማ አይሞላም ብለዋል” ይላል። አንዱ በረንዳው ላይ ተንገበገበ፤ ሌላው ቢሮው ውስጥ ተንገበገበ።

ሊጉ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ዘካርያስ ቆረጠ። “አዲስ አበባ ሄጄ ለፌዴሬሽኑ አቤት እላለሁ።” ምሥራቅ አለቀሰች። የኳስ ዕድሜው ሊያልቅ የቀረውን ጥቂት ጊዜ በክርክር እንደሚጨርሰው ገብቷታል። እሱ ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ማለዳ መናኸሪያ ሄደ። ከአንድ ወንበር በቀር አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ያም ወንበር ጋቢና፣ ከሹፌሩ አጠገብ። ሻንጣው ጣሪያው ላይ ተጫነ፤ ታሰረ። ተቀመጠ።

የሹፌሩ በር ተከፈተ። ማን ገባ? አቶ ኤርጊቾ!

የመደበኛው ሹፌር ሚስት ያን ዕለት ምጥ ይዟት ነበር። አቶ ኤርጊቾ “አንተ ከሚስትህ አትለይ፤ እኔ እነዳለሁ” ብለውት መሪውን ራሳቸው ያዙ። ተያዩ። ዘካርያስ እንዳይወርድ ሻንጣው ጣሪያው ላይ ከዕቃው ሁሉ ጋር ታስሯል። አቶ ኤርጊቾም እንዳይወርዱ፣ ማን ይንዳ?

አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነጋገሩም። መኪናው ግን ይናገር ነበር። ማርሹ ሲቀየር ይጮኻል፤ አንድም ጉድጓድ አይስትም፤ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ከኋላ አንዲት እናት አላስቻላቸውም።

“ኧረ ሹፌር! ከማን ተጣልተህ ነው እኛን የምትፈጨን?”

ዘካርያስ ዘወር አለና “ከእኔ ጋር ነው፣ እናቴ” አለ።

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኤርጊቾም ከንፈራቸውን ነክሰው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

“ዘኬ፣ እውነት ‘ያለ እኔ ክለቡ ነፋስ የወጣለት ኳስ ነው’ ብለሃል?”

“እኔ? ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ‘ክለቡ ቤቴ ነው፤ ግን ለጉልበቴ እፈራለሁ’ ነው። ይልቅ እርስዎ ‘ያረጀ ጎማ አይሞላም’ ማለትዎ ነው ያቃጠለኝ።”

“ጎማ? ጎማን እዚህ ምን አመጣው? ‘ዕድሜው ገፋ ብሏል፤ እስቲ ላስብበት በለው’ ነው ያልኩት።”

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ አፍ “ዳርጌ!” አሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ዳርጌን መውቀስ ቀላል ነው። የእሱ ወሬ ከመሃል ከወጣ በኋላም እውነተኛው ነገር ገና ቀርቶ ነበር።

“ለምንድነው ስለ ሕክምና ይህን ያህል የምትጨነቀው?” አሉ አቶ ኤርጊቾ።

“ሰላሙን ያስታውሱታል? ግራ መስመር ላይ ይጫወት የነበረውን? አምና ጉልበቱ ተሰብሮ፣ ውሉም አልቆ፣ በክራንች ወደ አባቱ ቤት ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ‘ተራህ ሲደርስ አንተን ማንም አይሸኝህም’ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ በገባሁ ቁጥር ይሄ ነው ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው።”

አቶ ኤርጊቾ ረጅም መንገድ ነዱ። “ውሉ አልቆ ሄደ አሉኝ” አሉ በመጨረሻ። “እንዴት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።” ቀጥለውም “ሕክምናው ለሁላችሁም ይጻፋል። ሰላሙንም አስጠራዋለሁ። ግን ሁለተኛውን ዓመት መሮጥ ቢያቅትህስ?” አሉ።

“ተቀምጬ ደመወዝ አልበላም። ታዳጊዎቹን አሰለጥናለሁ።”

“ይሁን።”

ከኋላ እኚያ እናት እልል አሉ። “ተመስገን! አሁን ቀስ ብለህ ንዳ!”

አዲስ አበባ ደረሱ። አቤቱታው ከኪስ ሳይወጣ ቀረ። በማግሥቱ ዘካርያስ በዚያው ጋቢና ተመለሰ፤ ከሰዓት ልምምድ ገባ። ዳርጌም ተጠራ። ቢሮ ሲገባ አቶ ኤርጊቾ “ከዛሬ ጀምሮ እግር ብቻ እሽ፤ ወሬ አትሽ” አሉት። አለቀ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? ሁለት ለባዶ ተሸነፉ! ግን ያን ሳምንት ሰላሙ በክለቡ ወጪ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የቱ ይበልጣል?

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። በረንዳ ላይ የተቀመጣችሁ ስንት ናችሁ? ከእህታችሁ ጋር የምትነጋገሩት በልጆች በኩል የሆነ? ከአለቃችሁ ጋር በጸሐፊዋ በኩል? አንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ “ለአባትህ ንገረው” የምትባባሉ? ጌታ የተበደለውን ሰው እንኳ እስኪመጡለት ጠብቅ አላለውም። ሂድ ነው ያለው፤ ብቻህን፣ ወደ እሱ። ለምን? በቁጣችን ሥር ፍርሃት አለ፤ ፍርሃትን ደግሞ መልእክተኛ አያደርሰውም። እናንተ ራሳችሁ ካልተናገራችሁት ማን ይናገርላችኋል?

እኔስ? እኔማ ሰባኪ ነኝ፤ ሰባኪ አያኮርፍም ትሉ ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ከመዘምራን መሪያችን ከወንድም ታምራት ጋር በድምፅ ማጉያው ነገር ተቀያይመን፣ በሽማግሌዎች በኩል ነው የምንነጋገረው። ይህን ታሪክ ሳዘጋጅ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ታምራት፣ ከኋላ ከዓምዱ አጠገብ አይቼሃለሁ። ስንጨርስ አትውጣ። ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ሽማግሌዎቹ አልተጠሩም።