ከማኅተሙ በላይ ያለው ባዶ

ትርሲት ለምክር ቤት ከተመረጠች ገና ሁለት ወሯ ነው። ለችግረኞች ድጎማ የሚሰጠውን ረቂቅ አዋጅ ይዛ፣ ምክር ቤቱን በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ ወደ ወጡት ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ሄደች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹ችግረኛ ማን እንደሆነ ሚኒስቴሩ በሚያወጣው መመሪያ ይወሰናል› ይላል። ሚኒስትሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ለእሳቸው ብንተወው ምን አለበት? ነገ ድምፅ እንሰጥበታለን» አለቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፣ ማኅተሙ ከስሙ ይበልጥ የታወቀ። ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ያ አገር ለክፉ ቀን የሚሆን የጋራ ጎተራ ነበረውና ሽማግሌዎቹ «ለድሃ ከዚህ ይሰፈርለት» ብለው ደነገጉ። መልካም ሕግ ነው፣ ማን ይጠላዋል! ድሃ ማን እንደሆነ ሊጽፉ ሲሉ ግን ዝናቡ ጣለ፤ ሁሉም ወደ እርሻው ቸኮለ። በየጊዜው ከመሰብሰብ ይሻላል ብለው በስድስት ባዶ ብራናዎች ግርጌ ማኅተማቸውን አሳረፉና ለጎተራው ጠባቂ ሰጡት። «እንደ ሁኔታው አንተ ሙላው» አሉት። ጠባቂው እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር። ያ ባለማኅተም ሽማግሌም ያለ ሐሳብ ለርስት ሙግት ሩቅ አገር ሄደ፤ ሦስት ዓመትም ቆየ።

ሲመለስ ቀትር ነበር። መንደሩ ሲገባ ውሻ አልጮኸበትም። «እንዴት ዋላችሁ!» ቢል የመለሰለት የለም። ቀና ብሎ ቢያይ አንዱም ቤት በር የለውም፤ ሁሉም ተነቅሏል። በየቤቱ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ያዩታል፣ አይናገሩም። 

ወደ እኅቱ ቤት ሮጠ። ባሏ የሞተባት ናት፤ የምትኖረው ከጎተራው በሚሰፈርላት እህል ነበር። መደብ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ ከስታ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። «እኅቴ፣ ምን ሆናችሁ? በሩስ የት ሄደ?» አላት። አንድ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በሌላው ወደ ጎተራው አመለከተችው።

ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቷል። ደጉ ጠባቂ ሞቶ ሌላ ተተክቷል፤ ይኸኛውም ክፉ አልነበረም፣ እህሉ እንዳያልቅ የሚሠጋ ሰው ነው እንጂ። ብራናዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሰውየው ማንበብ ጀመረ። አንደኛው የሟቹ ጽሕፈት ነው፤ «የተራበ ሁሉ ድሃ ነው» ይላል። ሁለተኛው «በር ያለው ድሃ አይደለም፤ የሚዘጋበት ንብረት አለውና» ይላል። ሦስተኛው «ውሻ የሚቀልብ ድሃ አይደለም።» አራተኛው «ለመለመን አቅም ያለው ድሃ አይደለም።» አምስተኛው «ያልለመነ አልተራበም።»

«ማነው ይህን ጉድ ያመጣብን?» ብሎ ጮኸ።

ጠባቂው ግራ ገብቶት አየው። «እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ» አለና ጣቱን ወደ ግርጌው ዝቅ አደረገ። ከማኅተሞቹ አንዱ የራሱ ነበር።

ሰውየው ሊቀድደው እጁን ሲዘረጋ ጠባቂው እያዘነ ስድስተኛውን አሳየው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። «እኛ ሽማግሌዎች፣ በስማችን የተጻፈውን መልሰን አንመረምርም» ይላል። ከሥሩም ያው ማኅተም።

እሱ ግን ስድስቱንም ቀደደ። እህል በነጠላው ቋጥሮ ወደ እኅቱ በረረ። መደቡ ላይ እንዳለች ናት፤ ክንዷ ጉልበቷ ላይ ተደግፎ ጣቷ አሁንም ወደ ጎተራው ያመለክታል። ትንፋሿ ግን ሄዷል።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ሚኒስትሩ ደግነት ነው። የመጀመሪያው ጠባቂም ደግ ነበር። ብራናው ይህ አዋጅሽ ነው፤ ባዶው ቦታ መመሪያው ነው፤ ግርጌው ላይ ያለው ማኅተም ደግሞ ያንቺ ድምፅ ነው። መመሪያ ማውጣቱን ያውጡ፣ ሥራቸው ነው። ችግረኛ ማን እንደሆነ ግን እናንተው ጻፉት፤ መመሪያውም ሥራ ላይ ሳይውል በፊት ወደ እናንተ ተመልሶ ይመርመር። ነገ እጅሽን ስታወጪ ያቺን የሴትዮዋን እጅ አስቢያት።»