በቁና ያልገባው

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገረን» በሉኝ። ጆሯችሁን እንጂ መስፈሪያችሁን አታምጡ።

ድሮ እንስሳት በአንድ ማኅበር ሆነው ጨው ከበረሃ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው አያ አንበሶ «ማኅበራችን ምን ምን እንዳለው ተሰፍሮ ይነገረኝ» አለ። ከሣር የተሰፋው ቁና ሰፋሪ፣ እመት ጦጢት ጸሐፊ ሆኑ።

ጨው ተሰፈረ። ገብስ ተሰፈረ። ገለባ እንኳ ተሰፈረ። ከዚያ ተራው የመንገድ መሪዋ የበቅሎ ሆነ።

«አንቺስ ምን አለሽ?» አላት ቁና።

«በረሃው ውስጥ ውኃ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«አግቢብኝና ልስፈረው።»

«እውቀት ነው፤ እንዴት ይገባል?»

«እኔ ውስጥ ካልገባ የለም ማለት ነው። ጦጢት፣ ‹ባዶ› ብለሽ ጻፊ!»

ጦጢት ሳቀች። «አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለች! ዛሬ ደግሞ ምን አለሽ ሲሏት አውቃለሁ ትላለች።»

በቅሎ ቁናን ለመነች። «ሰባት ዓመት መራሁ፤ አንድም በጥም አልሞተም።»

«ያልሞተ አይሰፈርም» አላት።

አያ አንበሶን ለመነች። «በመዝገቡ ባዶ ነሽ፤ ምን ላድርግ?» አላት።

ሦስተኛ ልትለምን ስትመጣ የመሪነት ቃጭሏ በሙክት አንገት ላይ ታስሮ አገኘችው። «ላቱ ሲሰፈር ሞልቶኝ ተርፏል፤ መሪው እሱ ነው» አለ ቁና።

«‹ባዶ› የሚለው ቃል እስኪፋቅ ከዚህ ማኅበር አልወጣም» አለች በቅሎ። ቁናን ተሸክማ ከሰልፉ ኋላ ተከተለች።

በረሃው ውስጥ በሦስተኛው ቀን ውኃ አለቀ። ሙክት ቃጭሉን እያንቃጨለ አንዱን ጉብታ ሦስት ጊዜ ዞረ። የሁሉም ምላስ ከላንቃው ተጣበቀ።

«በቅሎ ሆይ፣ ውኃው የት ነው?» አለ አያ አንበሶ።

በቅሎ ወደ ደረቁ ወንዝ ወርዳ አሸዋውን በኮቴዋ ጫረች፣ ጫረች፣ ጫረች። ውኃው ፈለቀ። ሊጠጡ ሲጋፉ ግን ከውኃው ፊት ቆመችና «መጀመሪያ ይሰፈር» አለች።

ቁና ገባ፣ ወጣ፤ ውኃው በስፌቱ ፈሰሰ። ደግሞ ገባ፤ ፈሰሰ። ሦስተኛም ገባ፤ ፈሰሰ።

«ስንት ሆነ?»

«ባዶ» አለ ቁና ዝቅ ብሎ።

«ታዲያ አያ አንበሶ፣ ውኃው አለ ወይስ የለም?»

«አለ! አለ እንጂ!»

«እንግዲያው ይጻፍ።»

ጦጢት «ባዶ»ን ፋቀችና «ታውቃለች» ብላ ጻፈች። በቅሎ ይህን አይታ ከውኃው ፊት ዞር አለች።

ቃጭሏን መለሱላት። ይቅርታ ያላት ግን የለም፤ እሷም አልጠበቀች።

የማይሰፈረውን ባዶ ያለ፣ ምንጭ ላይ ቆሞ ይጠማል። ተረቴን መልሱልኝ፤ በቁና ግን አይደለም።