የሰፋሪው አውራ ጣት

«አንድ እህል ሰፋሪ ነበረ» አሉ የኔታ።

ጠያቂዋ ትርንጎ ትባላለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ሳምንት አለቃዋ በካቴና ታስሮ ሲወጣ በዓይኗ አይታ እህል አልወርድ ብሏታል። ነገ ደግሞ በእሱ ወንበር የምትቀመጠው እሷው ናት። ግራ ቢገባት የኔታ ዘንድ መጥታ፣ «ርቦት ቢሆን ባልደነቀኝ!» አለቻቸው። «ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ በማኅበሩ የሚከበር ሰው ነው። ደሞዙ ቢያንሰው እንኳ፣ ሁላችንም የምንወስደው የመስክ አበል አለ። የኔታ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይሰርቃል?»

የኔታ የጀመሩትን ቀጠሉ።

ሰፋሪው የሚሠራው በአንድ ትልቅ ገበያ ነበር። በዚያ አገር ሻጭ እህሉን ቁርበት ላይ ያፈሳል፤ ሰፋሪ በቁና እየሰፈረ የገዢው ጆንያ ውስጥ ይገለብጣል። ሁለቱ ሲለያዩ ቁርበቱ ላይ የተንጠባጠበው ፍሬ የሰፋሪው ነው። ልማዱ ይኸው ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ሰውየው ለሥራው የተመረጠው በታማኝነቱ ነበር። ለምስክርነት ሲጠራ እንኳ «ማል» የሚለው አልነበረም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ቁናውን አፍ እስከ ገደፉ እየሞላ ሰፈረ። ገበያው ሲፈታ ቁርበቱ ላይ የቀረው ለአንዲት ዶሮ የሚበቃ አልነበረም። የጓደኞቹ ቁርበት ግን ቁልል ተቆልሎበታል። ሰውየው ደነገጠ። ቁናው አንድ ዓይነት፣ እህሉ አንድ ዓይነት! ጠጋ ብሎ ሲያይ ነገሩ ገባው። ሁሉም ቁና ሲይዙ የግራ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ነው። ጣት የያዘውን ቦታ ደግሞ እህል አይሞላውም፤ የጎደለው ቁርበቱ ላይ ይቀራል።

«ይኼማ ስርቆት ነው!» አለ።

ሳቁበት። «ምን ስርቆት አለ፣ የቁርበት ጠረጋ ነው የሚባለው» አለው አንዱ። የገበያው ሹም ግን አልሳቀም። ከየቁርበቱ ድርሻውን የሚጠብቅ ሰው ነበርና ባዶውን ቁርበት በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ወዳጄ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ደግሞስ የጣት ያህል እህል ማንን ገደለ?» አለው።

ሰውየው ለጊዜው ጸና። ጓደኞቹ «እኛን ሌባ ሊያሰኘን ነው» እያሉ ከማዕዳቸው ለዩት፤ ሹሙም ገዢ ወደማይደርስበት ጭቃማ ጥግ ወረወረው። ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ባለጌው ተረቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ተማረ። መጀመሪያ የጣቱን ጫፍ ብቻ አስገባ። የተረፈውንም አልበላውም፤ ደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን መጸወተው። እነሱም መረቁት። ምርቃቱ ደስ ቢለው ጣቱን ጨመር አደረገ፤ እየቆየ ጥቂቱ ለነዳያን፣ ብዙው ለጎተራው ሆነ። ቁናውን የመረመረበት አልነበረም። የታመነ ሰው እጅ ማን ያያል?

ዓመታት አለፉና ዝናብ ቀረ። ደብሩ ጎተራውን ከፍቶ ለተራበው ሊያድል ሲነሣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እሱ ይስፈርልን!» አለ። ሰውየው አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። «ዛሬስ ሙሉውን እሰፍራለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ቁናውን አነሣ።

ብዙ ሰው ከሸኘ በኋላ ታላቅ እህቱ ተራዋ ደረሰ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁን የራሷን ልጆች ቤት ጥላ እህል ፍለጋ መጥታለች። ሌላው ሁሉ ፊቱን እያየ ይመርቀው ነበር። እሷ ግን ቁናውን አየች።

«ወንድምዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጣትህ።»

ጎንበስ ብሎ ቢያይ አውራ ጣቱ እስከ ሥሩ እህሉ ውስጥ ተቀብሯል። ክው አለ። እሱ መቼ አዘዘው! እህሉን ገልብጦ እንደገና ሰፈረ፤ ጣቱ እንደገና ገባ። «ማነው ያስገባው?» ብሎ ጮኸ። ከሰልፉ አንድም የሳቀ አልነበረም። ያን ጊዜ ቀና ብሎ፣ ከእህቱ በፊት የተሰፈረላቸው ሰዎች የሄዱበትን መንገድ አየ። ጎደሎ ጆንያቸውን ተሸክመው፣ እሱን እየመረቁ ሄደዋል።

ቁናውን ለእህቱ አስረክቦ፣ ከገዛ ጎተራው እህል በአህያ ጭኖ ተከተላቸው። ከፊሎቹን መንገድ ላይ ደረሰባቸው። አንዲት አራስ ግን ቆላ ወርዳ ኖሮ ቤቷን አፈላልጎ ያገኘው ከሰነበተ በኋላ ነው። እህሉን ይዞ የደረሰው ለልጇ ለቅሶ ነበር። «የጣት ያህል እህል ማንን ገደለ?» ብሎት ነበር ሹሙ።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይሉኛል ብለሽ ጠብቀሽ ይሆናል። እሱ ስለ ቅጣቱ ነው፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ምክንያቱ ነው። ሰፋሪው ርቦት አልሰረቀም፤ ሌባ ሆኖም አልተወለደም። ገበያው አስተማረው፤ ስርቆቱን ጠረጋ ብሎ ስም አወጣለት። ሹሙ ባዶ ቁርበት አይወድም፤ ሕዝቡ ደግሞ ስላመነው እጁን አያይም። ‹ለድሃ እሰጠዋለሁ› የምትለዋን ብቻ ከራሱ ጨመረ። አለቃሽም እንደዚሁ ነው። እንዲህ ስልሽ ከፍርድ ያድነዋል ማለቴ አይደለም፤ ጣቱ የራሱ ነው።»

«እኔ ግን እንደ እሱ አልሆንም!» አለች ትርንጎ ፈጠን ብላ።

የኔታ ግን፣ «ልጄ፣ ቅድም ሁላችንም የምንወስደው የመስክ አበል አልሽኝ። ለመሆኑ ከቢሮ ወጥታችሁ መስክ የሄዳችሁት መቼ ነው?» አሏት።

ትርንጎ አበል የወሰደችባቸውን ወራት በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ መስክ የወጣችበት አንድም አላገኘችም። 

«አየሽ» አሉ የኔታ፣ «እኔም እንደ እህትየው ነገርኩሽ። ነገ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ጣትሽን አውጪ።»