ያልተንኳኳው ጋን

«አንድ ሰው ነበረ።»

ጋሽ ድልነሳው እንዲህ ብለው ሲጀምሩ መምህርት የሺሀረግ ጥያቄዋን ገና በቅጡ አልጨረሰችም ነበር። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ «ከወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ውሃችንን መረዙት» የሚል ቪዲዮ በየስልካቸው ይዘው መጡና፣ ከማዶ የሚመጡትን ሁለት ልጆች ከወንበራቸው አስነሡአቸው። ስልኩን ብትሰበስብ ቪዲዮው ዴስክ ሥር በድብቅ መታየት ጀመረ። ውሸት ነው ብትል «እሷም የእነሱ ናት» ተባለች። «ምን ይሻለኛል ጋሼ? ልተወው?» ብላ የመጣችው አርባ ዓመት ወዳስተማሩት ሽማግሌ ነው። እሳቸው ደግሞ በቀጥታ መመለስ አያውቁም።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ነገር አዋቂ፣ የተከበረ፣ ትንሽም ጉራ የሚያጠቃው። አንድ የደረሰ ወንድ ልጅ ነበረው። ከመንደሩ ግርጌ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖራለች። መንደሩ የሚጠጣው በእሷ እንስራ፣ ወጡን የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። እሷን ግን ለማዕድ የሚጠራት የለም። ለወሬ የተመቸ መንደር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ሸክላ በአህያ ጭኖ መጥቶ ገበያው ውስጥ ደረደረ። ዕቃው ያብለጨልጫል፤ አፉ ደግሞ ከዕቃው ይበልጥ። «ያቺ ሴት ቡዳ ናት» አላቸው ለጎረምሶቹ። «በእንስራዋ የጠጣ የላይኛው መንደር ሕፃን በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሽማግሎቻችሁ ያውቃሉ፤ ግን ይደብቋችኋል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሸክላ ሲተኮስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻጩ አጭበርባሪ ከሆነ ስንጥቁን በሰም ደፍኖ ጥላሸት ይቀባዋል። ዓይን አይለየውም። እሳት ላይ ሲጣድ ግን ሰሙ ይቀልጥና የፈላው ወጥ እግር ላይ ይፈሳል። የሚለየው ጆሮ ነው፤ በጣት ሲያንኳኩት ደህናው እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

ገበሬው ልጁ የነጋዴውን ወሬ አምኖ ሲያወራ ሲሰማ ደሙ ፈላ። «እዚያ ሰውዬ ዘንድ እንዳላይህ!» አለ። ልጁ በጓሮ ዞሮ ሄደ፤ ድስትም ገዝቶ መጣ። አባት ድስቱን ነጥቆ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አላተመው።

«ውሸታም ከሆነ ምን አስፈራህ አባባ?» አለ ልጁ፣ ረጋ ብሎ።

ይህቺ ቃል አባትየው ላይ እንደ እሾህ ተሰካች። ያን ቀን ምሳ አልበላም። በሳምንቱ ደግሞ የባሰ ሰማ፤ ጎረምሶቹ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን የሴትዮዋን ሸክላ ሰባብረው፣ ጎጆዋን አቃጥለው ሊያባርሯት ተማምለዋል። የእሱም ልጅ ሽመሉን ቅቤ ቀብቶ አስቀምጧል።

ቅዳሜ ጠዋት አባት ልጁን ጠራው። «ሽመልህን ያዝ። አብረን እንሄዳለን። በፊት ግን ይህን ጋን አንኳኳልኝ።»

ከአያቱ የወረሰው የእህል ጋን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እንከን የሌለው» እያለ የሚምልበት። ልጁ በጣቱ አንኳኳ። እንደገና አንኳኳ። «አባባ… ይሄማ ተሰንጥቋል።»

አባት ጆሮው ጋለ። ራሱ ጎንበስ ብሎ ሞከረው። ድምፁ የታፈነ ነው። ልጁን «ወግድ፣ ምን ታውቃለህ!» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። እህሉን አስወጣና የወፍጮውን መጅ አንሥቶ ጋኑን መታው። ለሁለት ተከፈለ።

«ሠላሳ ዓመት ሳላንኳኳው ነው የማልኩበት» አለ። «በል፣ እንሂድ።»

መጀመሪያ ገበያው ውስጥ ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ደረሱ። ሽመሉን አይታ ክው አለች። ልጁም ሽመሉን አነሣ፤ ግን በጫፉ እንስራውን ቀስ አድርጎ ነካው። እንስራው ጮኸ። ሴትዮዋ ነፍሷ ተመለሰላትና «አንኳኳ ልጄ፣ ካልጮኸ አትውሰደው» አለች። አምስተኛው አልጮኸም። አላንገራገረችም። «ይሄ አመለጠኝ? ለአመድ ማፈሻ ይሁን» ብላ ከኋላዋ ለብቻው አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ ነጋዴው። ጎረምሶቹ ከበውታል። ገና ሽመሉ ሳይነካው «ዕቃዬን አትንካ! ያላመነ አይግዛ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ነካው፤ የታፈነ። በጥፍሩ ጫረው፤ ሰም። ጎረምሶቹ ሳቁ። አባት ነገሩን ለልጁ ትቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ልጁ ግን አልሳቀም። «ያ የሞተው ሕፃን የማን ነው?» አለ።

«አገር ያወቀው ነው!»

«አገር አይወልድም። እናቱ ማን ናት?»

ነጋዴው ተወጠረ። «የላይኛው መንደሯ… ያቺ ጨው ሻጯ!»

ጨው ሻጯ ሦስት እርምጃ አጠገቡ ተቀምጣለች። «የኔን?» ብላ ተነሣች። «ዛሬ ጠዋት ገንፎ አብልቼው ድገሚኝ እያለ አላስወጣ ያለኝን? በቁሙ ልትቀብረው!»

ከጎረምሶቹ ሁለቱ «ቢሆንም ዓይኗ ያስፈራል» እያሉ አጉረመረሙና ሄዱ። ልጁ ግን ሽመሉን መሬት ላይ አጋድሞ ገበያው እስኪበተን ከሸክላ ሠሪዋ ጎን ተቀመጠ። ያን ቀን የተሰበረው ሸክላ አንድ ብቻ ነው። የአባትየው ጋን።

ጋሽ ድልነሳው ወደ መምህርቷ ዞሩ።

«ነጋዴው ያ ስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፣ ልጄ። ስልክ ስትሰበስቢ ድስት ሰበርሽ፤ ልጆቹም ምን አስፈራት አሉ። ልጁን የመለሰው የአባቱ ቁጣ ነው? አይደለም። አባቱ የራሱን ጋን ሲያስነካ አየ። አንቺስ ሳታንኳኪ ያስተማርሻቸው የለም?»

የሺሀረግ አንገቷን ደፋች። «ባለፈው ወር… ሎሚ በሙቅ ውሃ ስኳር በሽታን ያድናል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ስልኬ ላይ አይቼ።»

«አየሽ ጋንሽን! ነገ ሰሌዳ ላይ ጻፊውና እነሱ ይንኩት። ማን አለ? ማን አየ? እናቱ ማን ናት? ሲሰበር አብረሽ ሳቂ። ከዚያ ቪዲዮውን ራሳቸው ያመጡልሻል። ሁለቱ የማዶ ልጆች ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን ቆመው አይጠብቁ። ነገ ደወል ሳይደወል ወንበራቸው ላይ አስቀምጫቸው።»

«ያኔም የማያምኑ ቢኖሩስ ጋሼ?»

«ሁለቱ ጎረምሶች እያጉረመረሙ ሄዱ አላልኩሽም? ይሂዱ። ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። አንቺም አንኳኩ ማለትሽን አትተዪ።»